የመስከረም መስኮት

መስከረም 16 ቀን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ላይ ሁለት በዓል ይገጣጠማል። ዕለቱ የኪዳነ ምሕረት ወርኃዊ መታሰቢያ ነው፤ ደመራም የሚለኮሰው በዚያው ቀን ነው። ጎህ ሳይቀድ ነጠላቸውን ተከናንበው በባሕር ዛፉ መሃል ዳገቱን የወጡ እናቶች አስቀድሰው ሲያበቁ ጸበላቸውን በጀሪካን ይዘው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ሌሎቹ የየካ ሰፈሮች ይወርዳሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ብዙዎቹ መስቀል አደባባይ አይሄዱም። ግፊያው፣ ፍተሻው፣ ማታ ታክሲ የማግኘቱ ጣጣ ሲታሰብ ቤት ይሻላል። ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ቡና ይቀርባል፣ ቴሌቪዥን ይከፈታል።

አዲሱ ዓመት በገባ ቁጥር "ዘንድሮ ምን የሚታይ አለ?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። መልሴ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከዚህ የደመራ ቀጥታ ስርጭት ነው። የሚጠየቀኝ ስለ ድራማ፣ ስለ ቃለ መጠይቅ፣ ስለ ዘፈን ውድድር ስለሆነ መልሱ ቀልድ ይመስላቸዋል። ቀልድ አይደለም። ሰንበት ተማሪዎቹ በየተራ እያሸበሸቡ ያልፋሉ፣ ሊቃውንቱ ያሬዳዊ ዜማቸውን ያሰማሉ፣ ጀምበር እያዘቀዘቀች ችቦው ይቀርባል። ከዚያ በኋላ በየቤቱ ያለው ሰው የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፦ ደመራው ወዴት ይወድቃል? ወደ ምሥራቅ ከሆነ ሽማግሌው የሚሉት አላቸው፣ ወደ ምዕራብ ከሆነም አላቸው። ማንም ደራሲ አልጻፈውም፣ ማንም ዳይሬክተር አያዘውም፤ መውደቁ ግን አይቀርም። ቅሬታዬ አስተዋዋቂዎቹ ዝም ማለትን መፍራታቸው ብቻ ነው። እሳቱ ራሱ ሲያወራ ማይክሮፎኑን ዝቅ ቢያደርጉት ምን ነበረበት?

ከድራማዎቹ በፊት ደመራውን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ተጀምሮ የሚያልቅ ዝግጅት በእኛ ቴሌቪዥን ብርቅ ነው። የመስከረም አዲስና ተመላሽ ዝግጅቶችን ስመዝን መጀመሪያ የምጠይቀው ተዋናዩ ማን እንደሆነ ወይም ካሜራው ምን ያህል እንደጠራ አይደለም፤ ይህ ታሪክ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ? ነው።

አሜሪካኖች ለዚህ ወቅት የተቆረጠ ሥርዓት አላቸው። ትልልቆቹ ጣቢያዎች በግንቦት ኒውዮርክ ላይ አስተዋዋቂ ድርጅቶችን ሰብስበው የመጪውን ዓመት ዝግጅቶቻቸውን ያሳያሉ፤ የማስታወቂያው ሰዓት ገና ከወዲሁ ይሸጣል፤ ድራማዎቹ መስከረም ላይ ይጀምራሉ። ልማዱን ከመኪና አምራቾች ጋር የሚያያይዙት አሉ፤ አዲሱ ሞዴል በዚያ ወቅት ይወጣ ስለነበር የማስታወቂያ ገንዘቡም በዚያ ወቅት ይፈስ ነበር ይላሉ። ኒልሰን የሚባለው ድርጅት ተመልካች ይቆጥራል። ሰው ያልተመለከተው ድራማ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይነሳል። ጨካኝ አሠራር ነው፤ ነገር ግን ደራሲው ስንት ክፍል እንደታዘዘ አውቆ ይጽፋል።

የእኛም ቴሌቪዥን ቢሆን የክረምት ማግስት ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ የንጉሡ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ወር ነው። ጥቁርና ነጩ ወደ ቀለም የተለወጠውም ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም.፣ ከኢሠፓ ምሥረታና ከአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ጋር ተያይዞ ነው። ሁለቱም ጊዜ ሥራው የተጣደፈው ለበዓል ነው። ይህ ጠባይ ዛሬም አልለቀቀውም። ሌላው ዓለም ወቅቱን በድራማ ይከፍታል፤ እኛ በዋዜማ እንከፍታለን።

አንድ ጣቢያ ብቻ በነበረበት ዘመን የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከተማው ሁሉ አንድ ነገር አይቶ የሚያድርበት ሌሊት ነበር። አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ አንድ ጭውውት ካቀረቡ ማግስቱን ሰፈሩ በእነሱ አባባል ሲቀልድ ይውላል። አለባቸው ኋላ በስሙ በተጠራው "አለቤ ሾው" ሰውን አስቀምጦ የማጫወትን ጥበብ ለብዙ ተከታዮቹ አሳየ፤ በ1997 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ባይለየን የዛሬዎቹ የእሁድ ዝግጅቶች ምን መልክ ይኖራቸው እንደነበር ማሰብ ደስ ይለኛል። የሚያዳምጥ አቅራቢ ነበር። አሁን አሁን እንግዳው አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ጭብጨባ ይቀድመዋል።

ዛሬ በዋዜማው ምሽት ጣቢያ ስንቀያይር የምናገኘው ይታወቃል። ረከቦትና ቄጠማ፣ ሽሮ ሜዳ ታይቶ የማያልቀውን ጥበብ የለበሱ አቅራቢዎች፣ ሶፋ ላይ የተደረደሩ እንግዶች፣ አንድ ኮሜዲያን፣ ሁለት ድምፃዊ፣ ከዚያ "ስፖንሰሮቻችንን እናመሰግናለን"። ዝግጅቱ ሰዓታትን ይፈጃል። የሚፈጀው ግን የሚባል ስላለ አይደለም፤ ምስጋናው ስለሚረዝም ነው። እንግዶቹ ደግሞ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ስለሚዘዋወሩ ያንኑ የልጅነት ትዝታ በሁለት ቀሚስ ስንሰማው እናመሻለን።

እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ከዚህ ሁሉ ጀርባ በብዛት ቢራ ነበር። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ብዙ አዘጋጅ እግሩ ስር ያለው ምንጣፍ ተሳበበት። ቦታውን ባንኮች፣ የቤት አልሚዎች፣ የምግብና የጽዳት ዕቃ አምራቾች ያዙት። ሕጉ ልክ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ልጆች በተቀመጡበት በየአሥር ደቂቃው የሚፈላ ብርጭቆ ማየት ጤናማ አልነበረም። ነገር ግን ሕጉ አንድ የተደበቀ ነገር አጋለጠ፦ አብዛኛው ዝግጅት ጣቢያው ያሰናዳው አይደለም። የውጭ አዘጋጅ የአየር ሰዓት ይገዛል፣ ስፖንሰር በራሱ ይፈልጋል፣ ከዚያ ተርፎ በሚቀረው ይቀርጻል። ይህን ያልተረዳ ሰው የድራማዎቻችንን ጠባይ አይረዳም። ስፖንሰር እስካለ ድረስ ታሪኩ ይለጠጣል፤ ስፖንሰሩ የሄደ ቀን ሙሽራዋ ከነቬሏ በሩ ላይ ቆማ ትቀራለች። ደራሲውን መውቀስ ቀላል ነው። ደራሲው ግን በየሳምንቱ የሚጽፈው ለሚቀጥለው ሳምንት መኖሩን ሳያውቅ ነው።

እንዲያም ሆኖ የሳምንቱ ድራማ ገናና ዘመን ነበረው። አዳነች ወልደገብርኤል የጻፈችው "ገመና" የሚታይበት ምሽት ሰው ከሥራ በጊዜ ይገባ ነበር። "ሰው ለሰው" ሲመጣ ደግሞ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የከተማው የጋራ ጠላት ሆነ። ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ጠበል ጠዲቅ ላይ ጥያቄው አንድ ነበር፦ "አስናቀ መቼ ነው የሚያዘው?" ያ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ደስ ይል ነበር፤ ኋላ ኋላ ግን ማድከም ጀመረ። ክፉ ሰው ከመጠን በላይ ካመለጠ ተመልካቹ መናደዱን ትቶ ያደንቀዋል። አበበ ባልቻ በትወናው ያን ያህል ጥሩ መሆኑ ታሪኩን ጠቀመውም ጎዳውም ባይ ነኝ።

ከዚያ ቃና የተባለው ጣቢያ መጣ። በ2008 ዓ.ም. ስርጭቱን ሲጀምር "ጥቁር ፍቅር"ንና "ኩዚ ጉኒ"ን የመሳሰሉ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አቀረበ። ስለ ባህል መበረዝ ብዙ ተባለ፤ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ማኅበራትም ተቃውሟቸውን በይፋ አሰሙ። ፍርሃታቸው ምክንያት ነበረው፤ ክርክሩ ግን ዋናውን ነገር የነካው አይመስለኝም። ቃና ያመጣው ትልቁ ለውጥ የቱርክ መልክ አልነበረም። ድራማን ከሳምንት አንድ ቀን ወደ እያንዳንዱ ምሽት አወረደው። ቱርክ ውስጥ አንድ ክፍል በሳምንት አንዴ የሚታይ፣ ከሁለት ሰዓት የማያንስ ሥራ ነው፤ ለውጭ ገበያ ሲሸጥ ተቆራርጦ የየምሽት ይሆናል። የእኛ አዘጋጅ ደግሞ በአንድ ካሜራ፣ በተዋሱት ሳሎን፣ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ሳምንት ጠብቁኝ ይላል። በእንዲህ ያለ ፉክክር ከመጀመሪያውም ማን እንደሚሸነፍ ይታወቅ ነበር።

የትርጉም ሥራው ራሱ ያልተመሰገነ ሙያ ነው። ቱርክኛ አረፍተ ነገሩን እንደ አማርኛ በግስ ይዘጋል፤ ይህ ለተርጓሚው ትንሽ እፎይታ ይሰጠዋል፤ የከንፈሩ እንቅስቃሴ ግን ምሕረት የለውም። ስማቸውን የማናውቃቸው ወጣቶች ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆመው የሰው ለቅሶ አለቀሱ፣ የሰው ሳቅ ሳቁ። ከመካከላቸው ወደ ካሜራ ፊት የወጡም አሉ። ቃና ራሱም ኋላ "አደይ"ን የመሰለ የሀገር ውስጥ ድራማ አመጣ፤ አቦል የሚባለው የዲኤስቲቪ የአማርኛ ጣቢያም በዚያው መንገድ ገባ። በየምሽቱ የሚታይ ድራማ መጻፍ የብዙ ደራሲያን የጋራ ሥራ ነው፤ አንዱ የታሪኩን አጥንት ይሠራል፣ ሌላው ምልልሱን፣ ሦስተኛው ትናንት ምን እንደተባለ ይከታተላል። የእኛ ልማድ ደራሲን እንደ ባሕታዊ ብቻውን ማስቀመጥ ነበርና ይህን መልመድ ጊዜ ፈጀ። ዛሬም በአንዳንዶቹ አዳዲስ ድራማዎች ላይ አለመልመዱ ይታያል፤ ሰኞ የሞተ አጎት ሐሙስ "ደህና ነው" ይባላል።

ከእንጦጦ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ይህን የቴሌቪዥን ታሪክ ጣሪያ ላይ ሊያነበው ይችላል። የካ ድረስ በተዘረጋው ቆርቆሮ ላይ ዲሽ ያልተተከለበት ቤት ጥቂት ነው። ለብዙ ዓመታት ሁሉም ወደ ምዕራብ አዘንብለው ናይልሳትን ይመለከቱ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደተባለው፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ሳተላይት ሲዛወሩ የዲሽ ሠራተኛ ንጉሥ ሆነ። መሰላል ተሸክሞ ከቤት ቤት ዞረ፤ ሰሃኖቹ አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ፣ ቀና ብለውም ወደ ሰማይ ተንጋለሉ። ተራራው በሰሜን በኩል ስለሆነ ለኪዳነ ምሕረት ሥር ነዋሪ ምንም አይከልለውም፤ የሚከልለው ጎረቤት ያሳደገው ባሕር ዛፍ ነው። ሁለት ዲሽ ያቆሙ ቤቶችም አሉ፤ አንደኛው ለኢትዮሳት፣ ሌላኛው ለዓረብ ጣቢያና ለኳስ። የባልና የሚስት ዲሽ ይሏቸዋል ቀልደኞቹ።

ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ድራማ ጥራልን ካላችሁኝ ሳልዘገይ "እረኛዬ" እላለሁ። በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቲቪ መታየት ሲጀምር አዜብ ወርቁና ቅድስት ይልማ ከጀርባው ነበሩ። ያመጡት አዲስ ነገር ቴክኒክ አይደለም። ካሜራውን ከአዲስ አበባ ሳሎን አውጥተው ገጠር አቆሙትና ገጠሩን ለልመና ወይም ለባህል ትርኢት ሳይሆን ሰው እንደሚኖርበት ቦታ አዩት። ገበሬው ሲናገር የገበሬ አማርኛ ይናገራል፤ ቅኔው ሳይፈታለት ያልፋል፤ ዝምታ ሲያስፈልግ ዝም ይባላል። በምዕራፍ እየተከፈለ ሲቀርብ ደግሞ ተመልካቹ መጠበቅን ለመደ። የዘገየ ምዕራፍ ያስቆጣል ብለው የሚፈሩ አዘጋጆች ይህን ሊያዩት ይገባል፤ ሰው የሚቆጣው በመቅረቱ ሳይሆን በመጓተቱ ነው። እንከን የለውም አልልም፤ አንዳንዱ ትዕይንት ራሱን ከሚገባው በላይ ይወድዳል፤ መልክዓ ምድሩ ሲያምር ታሪኩ ቆሞ ይመለከተዋል። ግን ከእሱ በኋላ የመጡት ድራማዎች የገጠር ጎጆ ሲያሳዩ ሰፌድ ግድግዳ ላይ ሰቅለው መገላገል አልቻሉም።

ተመላሾቹን የስቱዲዮ ዝግጅቶች በተመለከተ ብዙ መነታረክ አያስፈልግም። ነጻነት ወርቅነህ የሚመራው "የቤተሰብ ጨዋታ" ቅርጹ የአሜሪካ ነው፤ የሚያስቀው ነገር ግን የእኛ ነው። መቶ ሰው ተጠይቆ የመለሰው ነገር ሰሌዳው ላይ ሲገለጥ ራሳችንን እናያለን፤ አያት፣ ልጅና አማች በአንድ ወገን ቆመው ሲሳሳቱ ከየትኛውም ኮሜዲ ይበልጣል። ምስጢሩ ቀላል ነው፦ ጨዋታው ሕግ አለው፣ ሰዓቱ ሲደርስ አሸናፊ ይለያል። "ሰይፉ በኢቢኤስ"ን የሚያቆመው የሰይፉ ፋንታሁን ድፍረትና ጨዋታ ነው፤ እንግዳው ጥሩ የሆነ ቀን ከሰዓቱ በላይ ቢቆይ አይሰለችም፤ እንግዳው ደካማ የሆነ ቀን ግን ሙዚቀኞቹም አያድኑትም። በየጣቢያው እየተባዛ ያለው የለቅሶ ዝግጅት፣ ማለትም ችግረኛን ሶፋ ላይ አስቀምጦ እስኪያለቅስ መጠየቅ፣ በእኔ ሚዛን ከሁሉ ዝቅ ይላል። ርዳታው ይደረግ፤ ካሜራው ፊቱ ላይ ሲጠጋ ግን የሚረዳው ማን እንደሆነ ይምታታብኛል።

የዘፈን ውድድሮች የተሻለ ዕድል አላቸው፤ በተፈጥሯቸው ፍጻሜ አላቸውና። "ኢትዮጵያን አይዶል" በኢቲቪ ከታየ ወዲህ የአብርሃም ወልደ "ባላገሩ አይዶል" መጣ፣ "ፋና ላምሮት"ም ተከተለ። ዳዊት ጽጌ በባላገሩ አሸንፎ ኋላ "የኔ ዜማ" የተሰኘውን አልበም ማውጣቱ የሚጠቀሰው ምሳሌ ነው። ሌሎቹስ? የሰው ዘፈን በሚገባ መዝፈን አንድ ችሎታ ነው፤ የራስ ዘፈን ማግኘት ሌላ ነው። ውድድሩ የመጀመሪያውን ይመዝንና ሽልማቱን ለሁለተኛው ይሰጣል። ዳኞቹ በአንዱ ዙር ተወዳዳሪው አዲስ ግጥምና ዜማ ይዞ እንዲመጣ ቢያስገድዱት የምሽቱ ጭንቀት እውነተኛ ይሆን ነበር።

ይህ ሁሉ ግምገማ የአንድ ተመልካች ሚዛን መሆኑ አይቀርም፤ ምክንያቱም ስፖንሰሩም፣ አዘጋጁም፣ ተመልካቹም አምነው የሚነጋገሩበት የተመልካች ቆጠራ የለንም። ዩቲዩብ ላይ የሚታየው ቁጥር ቦታውን ይዟል፤ ያ ቁጥር ደግሞ ዋሽንግተንና ዱባይ ያለውን ወገናችንን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተመልካች ጋር ቀላቅሎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ አዘጋጁ ርዕሱን ለዩቲዩብ ይጽፋል፦ "ጉድ ፈነዳ"፣ "ያልተጠበቀው ምላሽ"። የብርሃኑ ድጋፌ "ለዛ" ሽልማት የአድማጩን ድምፅ መሰብሰቡ፣ የዮናስ ብርሃነ መዋ "ጉማ"ም ለቴሌቪዥን ድራማ ቦታ መስጠቱ ጥቂት ያግዛል። ሽልማት ግን ያለቀ ሥራን ነው የሚመዝነው፤ እኛ ገና የምንቸገረው ሥራን በመጨረስ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠይቅ አላልፍም። ይህ ሁሉ ሲተላለፍ ልጆቹ የት ናቸው? አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ቴሌቪዥኑ ከተጀመረበት ዘመን አንስቶ ለአራት ዐሥርት ዓመታት ተረት ሲነግሩ ትልልቆቹም አብረው ይሰሙ ነበር። ብሩክታዊት ጥጋቡ የፈጠረቻት ቀጭኔዋ ፀሐይ "ፀሐይ መማር ትወዳለች" ውስጥ በካልሲ አሻንጉሊትነት ስትመጣ ያን ያህል ገንዘብ አልነበረም፤ ሐሳብ ነበር። አሁን ከዜና በኋላ ያለው ሰዓት የሙሽራ፣ የውርስና የክህደት ነው፤ ልጅ ካለ "ዓይንህን ጨፍን" ይባላል። ለመጪው ዋዜማ ጣቢያዎቹ የመጀመሪያዋን አንድ ሰዓት ለእነሱ ቢለቁላቸው ምን ይጎድልባቸዋል? አዲሱን ዓመት ከማንም በላይ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው፤ በማግስቱ ጠዋት አደይ ይዘው በየደጁ አበባየሆሽ የሚጨፍሩት፣ ሥዕል ይዘው የሚያንኳኩት እነሱው ናቸው። ስፖንሰርም ቢሆን ከብስኩትና ከወተት አይጠፋም።